የስልከኛዋ ሁለት ቃል

ሆስፒታሉ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት እግዜርና የሠራተኛ ጉዳይ ክፍሉ ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ፣ ከሜዲካል ዳይሬክተሩ ጀምሮ እስከ በር ዘበኛው ድረስ፣ «እትዬ ሆልዶን» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት አንድ ተረበኛ የኤክስሬይ ባለሙያ ነበር። መጀመሪያ አንድ ሳምንት አኮረፈች። በሁለተኛው ሳምንት ስሙ ግቢውን ሲያዳርስ ጊዜ ኩርፊያ እንደማያዋጣ ገባትና «አቤት» ማለት ጀመረች። ይኸው አቤት እንዳለች አለች።

ሥራዋ ስልከኛ ነው። ክፍሏ ከዋናው በር ገባ እንዳሉ በስተቀኝ ናት፤ ከጥበቷ የተነሳ ሁለት ሰው ከገባባት አንዱ መተንፈስ ማቆም አለበት ትላለች። በሯ ወደ ኮሪደሩ ይከፈታል፣ መስኮቷ አምቡላንስ የሚቆምበትን ያሳያል፣ ከፊት ለፊቷ ደግሞ የስልክ ማዞሪያው አለ። ማዞሪያው ሃያ አራት መስመር አለው፤ ለእያንዳንዱ መስመር ጥሪ ሲመጣ የምትበራ፣ ደዋዩ ሲዘጋ የምትጠፋ ትንሽ ቀይ መብራት አለችው። ቁልፎቹ ላይ የነበረው ቁጥር በጣቷ ተፍቆ ካለቀ ቆይቷል፤ ጆሮዋ ላይ የምታደርገው ማዳመጫም ከቀዶ ሕክምና ክፍል በመጣ ፕላስተር ተጠግኖ ተጠግኖ ራሱ በሽተኛ መስሏል። በምሳ ሰዓት የሚተካት ሰው ቁልፍ እየተሳሳተ የወሊድ ክፍሉን ከሬሳ ክፍሉ ጋር ሲያገናኝ ኖሯል። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ታውቃቸዋለች።

ድምፅዋ ያምራል፤ ይህን ራሷም አትክድም። አንዱ ባለጉዳይ ሦስት ቀን ደጋግሞ ደውሎ በአራተኛው ቀን አበባ ይዞ እስከ በሯ ድረስ ይመጣል። ወፍራሟን፣ ባለ መነጽሯን፣ የሹራብ ሥራዋን ጭኗ ላይ ያስቀመጠችውን ሴትዮ ሲያይ «ይቅርታ፣ የወላዶች ክፍል በየት ነው?» ብሎ አበባውን እንደያዘ አለፈ ይባላል። ይህን ወሬ የምትነዛው ሌላ ሴት አይደለችም፣ ራሷ ናት። ስታወራውም ከሁሉ ቀድማ የምትስቀው እሷ ናት።

ሥራውን ያስተማሯት ከእሷ በፊት ወንበሩ ላይ የነበሩት አሮጊት ስልከኛ ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ተመድባ መጣች። አሮጊቷ ስለ ቁልፎቹ ብዙም አልነገሯት፤ ቁልፍ በጣት ይለመዳል ባይ ነበሩ። አንድ ነገር ግን እስኪሰለቻት ደጋገሙላት። ሰው መስመር ላይ ስታቆዪ ብቻውን አታቆዪው አሏት። በልብሽ እስከ ሃያ ቁጠሪና ተመለሺ፤ የምትነግሪው ነገር ባይኖርሽም ተመለሺና አለሁ በይው፤ ደግሞ ቁጠሪ፣ ደግሞ ተመለሺ። ዝም ያለ ስልክ ለበሽተኛ ቤተሰብ ምን ምን እንደሚለው አንቺ ገና አታውቂም አሏት። የውጭ አገር ሰው ቢደውልስ ብላ ስትጠይቃቸው የሚያውቁትን እንግሊዝኛ ጠቅልለው አወረሷት። «ሆልድ ኦን» በይው፣ ከዚያ ወዲያ አትፍጨርጨሪ።

በእነዚህ ሁለት ቃላት ነው እንግዲህ ሃያ ሰባት ዓመት የኖረችው። መድኃኒት የሚያቀርብ የውጭ ድርጅት ሲደውል፣ ለአንድ ወር የመጡ እንግዳ ሐኪሞች ቤተሰብ ሲደውል፣ መንገድ ላይ ሆዱን ያመመው አገር ጎብኚ ሲደውል፣ ሆልድ ኦን ትልና እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ትፈልጋለች። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ አባባሉ አንድ አልነበረም። የተቆጣውን ረጋ ብላ፣ የሚያለቅሰውን ዝቅ ብላ፣ የሚያጣድፋትን ቆጣ ብላ ነው የምትለው። እየቆየ ቃሉ ከሥራ ቦታ ተከትሏት ቤት ገባ። ልጆቿ እራት አልደረሰም ወይ ሲሏት ሆልድ ኦን፣ ልብስ ሰፊ የሆነው ባሏ ረፈደብን እንውጣ ሲላት ሆልድ ኦን። ባሏም ለጎረቤት ሲያማት፣ ይቺ ሴትዮ እኔን ካገባች ጀምሮ መስመር ላይ አቆይታኛለች እንጂ ገና አላናገረችኝም ይላል።

የመጨረሻ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቋንቋ ማጥናት ስትጀምር ጉድ ፈላ። አንድ ቅዳሜ ልጅቱ ጡብ የሚያህል መዝገበ ቃላት ተሸክማ መጥታ እናቷ ፊት ዘረጋችው። እማ፣ ያንቺ ሁለት ቃላት ግማሽ ገጽ ይዘዋል አለቻት። እናትየው አላመነችም። ልጅቱ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች ተረጎመችላት። ቆይ፣ ጠብቅ ማለት እንደሆነማ ታውቂዋለሽ፤ አውቶቡስ ሲንገጫገጭ ግን የቆመውን ሰው አጥብቀህ ያዝ የሚሉትም በዚሁ ነው። የደከመውን ሰው አይዞህ፣ እንዳትረታ የሚሉትም በዚሁ ነው። ያለህን ነገር አትልቀቀው፣ ለማንም አትስጠው ለማለት ከፈለጉ ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ ቃል ይጨምሩበታል። ደግሞ ሰው እያወራ መሀል ላይ አንድ ነገር ሳይጥመው ሲቀር፣ ቆይ እስቲ ብሎ ራሱን የሚያቆመውም በዚሁ ነው። እትዬ ሆልዶን መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና መልሳ አደረገችው።

«ልጄ፣ ሁለት ቃል ብቻቸውን ይህን ሁሉ የሚሠሩ ከሆነ የዓመት ዕረፍት የሚያስፈልገው ለእነሱ ነው እንጂ ለኔ አይደለም» አለች።

ልጅቱ ስቃ ስትጨርስ አንድ ነገር ጣል አደረገች። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንቺ ሃያ ሰባት ዓመት የሠራሽው በአንዱ ብቻ ነው አለቻት። ልጅ ሲማር ምላሱም አብሮ ይማራል። ነገሩ እናትየውን ቆጠቆጣት። ማታ ለባሏ፣ እውነት የኔ ሥራ ሰው ማስጠበቅ ብቻ ነው እንዴ ስትል ጠየቀችው። ባሏ የሚያውቀውን መልስ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ቀድማ ገላመጠችው።

ይህ በሆነ በሁለት ወሩ ገደማ ነው ያ እሑድ የመጣው። እሑድ ቢሮዎቹ ይዘጋሉ፤ ከሃያ አራቱ መብራቶች የሚበሩት ሁለት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሰባተኛው መስመር በራና አነሳችው። የውጭ አገር ሰው ነው። ደከም ባለ ድምፅ በራሱ ቋንቋ የሆነ ነገር አለ፤ ቀጥሎ «ሄሎ... ሆስፒታል?» አለ። በዚያችው ቅጽበት በሦስተኛው መስመር የአምቡላንስ ሾፌር፣ ደም የሚፈሳት ወላድ ይዤ እየመጣሁ ነውና ሐኪም አዘጋጁልኝ እያለ ይጮሃል። እሑድ የሚደውል የውጭ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው የቀጠሮ ክፍሉን ነው፤ እሱ ደግሞ ዝግ ነው። ስለዚህ እንደ ወትሮዋ «ሆልድ ኦን ፕሊስ» አለችና ቁልፉን ተጫነችው።

እዚህ ላይ ተሳሳተች። ስልከኛ ብቻ የምትሳሳተው ስህተት ነው። ሺህ ጊዜ ትክክል የሆነ እጅ፣ ለሺህ አንደኛው ጊዜ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ይሠራል። ይህንን ሌላው ሰው ሁሉ ይቅር ቢላትም እሷ ለራሷ ይቅር አላለችም።

ሃያ ቆጥራ ተመለሰች፣ ሆልድ ኦን አለች። ስለ ወላዷ ለወሊድ ክፍል አስታወቀች፣ ሃያ ቆጥራ ተመለሰች። በአራተኛው መመለሷ ላይ ግን ጣቷ ቁልፉ ላይ ቀረ። ይህ ሰው አያጉረመርምም። ሃያ ሰባት ዓመት ሰው ስታስጠብቅ ያወቀችው ነገር ቢኖር የሚጠብቅ ሰው ድምፅ እንዳለው ነው። ይስላል፣ ያፏጫል፣ ወንበር ይገፋል፣ አጠገቡ ላለው ሰው ስልከኛዋን ያማል። ይህ ሰው ከመተንፈስ በቀር ምንም አያደርግም፤ ትንፋሹም እንደሚቆጥባት ሁሉ አጭር አጭር ናት። ከትንፋሹ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ሰማች፤ ሽርርር የሚል፣ ከተቀደደ ጆንያ እህል ሲፈስ የሚሰማው ዓይነት።

የእሷ እንግሊዝኛ ከሁለቱ ቃላት ሌላ ቁጥርና የክፍል ስም ነው። የእሱም ከእሷ ብዙ እንደማይሻል ብዙ ሳይነጋገሩ ገባት፤ የእሱም አገር ቋንቋ ሌላ ነው። በሩን ከፍታ ዘበኛውን ተጣራችና የድንገተኛ ክፍሉን ሐኪም ሮጦ እንዲያመጣላት ላከችው። ጥሪውን ወደ ድንገተኛ ክፍል ማዞር ትችል ነበር። ነገር ግን የማዞሪያውን አመል ታውቀዋለች፤ ካዞረችው ሦስት ጥሪ አንዱ ይቆረጥባታል፣ የደዋይ ቁጥር ደግሞ አያሳይም። መልሳ ልትደውልለት አትችልም ማለት ነው። መስመሩን ወደ ሐኪሙ ከማዞር ሐኪሙን ወደ መስመሩ ማዞር ይሻላል ብላ ወሰነች።

ወጣቱ ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ ገባ፤ ማዳመጫውን ተቀብሎ ወንበሯ አጠገብ ተንበርክኮ ያናግረው ጀመር። በቁርጥራጭ የእንግሊዝኛ ቃላትም ቢሆን ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ሰውዬው ማሽን ሊተክል ከውጭ የመጣ ባለሙያ ነው፤ ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው። የሚሠራው የአንድ ትልቅ የእህል ድርጅት የስንዴ ጎተራ ውስጥ ነው፤ ጎተራ ሲባል ባለ ወፍራም ግድግዳ፣ እንደ ፎቅ ቀጥ ብሎ የቆመ የኮንክሪት ጎተራ ነው። የረሳውን መሣሪያ ሊያመጣ በዕረፍት ቀኑ ብቻውን ገብቶ ስንዴው ላይ ሲቆም ስንዴው ከእግሩ ሥር ከዳው። አሁን እስከ ደረቱ ሰምጧል። በአንድ እጁ ግድግዳው ላይ የተተከለውን የብረት መሰላል ይዟል፣ በሌላው ስልኩን። የሆስፒታሉን ቁጥር የመጣ ዕለት ከማረፊያ ቤቱ ካርድ ላይ መዝግቦት ኖሯል። ችግሩ ድርጅቱ በከተማው ዙሪያ አምስት የጎተራ ግቢ ያለው መሆኑ ነው። ሾፌር ያደርሰዋል፣ ሾፌር ይመልሰዋል፤ የትኛው ውስጥ እንዳለ ሰውዬው ራሱ አያውቅም። ወደ ድርጅቱ ቢሮ ቢደወል ቢደወል የሚያነሳ ጠፋ።

ሐኪሙ ማዳመጫውን መለሰላት።

«እትዬ፣ ይስሙኝ። ባወራ ቁጥር አየር ያወጣል፤ አየር ሲያወጣ ስንዴው ደረቱ ላይ ይጠብቅበታል፣ መልሶ መሳብ ያቅተዋል። ስለዚህ እንዳያወራ ያድርጉት። እንዲተኛም አይተዉት። ያ እጁ መሰላሉን ከለቀቀ አለቀ።»

እንዳያወራም እንዳይተኛም የሚደረገው እንዴት አድርጎ ነው ብላ ልትጠይቀው ስትል ነርሷ እየሮጠች መጣች፤ ወላዷ ደርሳለች። ሐኪሙ ሁለት ነፍስ ወደሚጠብቀው ክፍል ሄደ። እትዬ ሆልዶን ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አስተካከለች። የአንድ ሰው ዕድሜ በእሷ አፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

ያላት ሁለት ቃል ነው። እሱኑ አለችው። ነገር ግን እጁን መሰላሉ ላይ እንዲያጠብቅ እየተመኘች ስለነበር ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የ«ጠብቅ» ቃል አልነበረም። አጭርና ጠንካራ ሆኖ ወጣ፣ ጨብጥ እንደማለት። በወዲያ በኩል ሰውዬው ምንም ሳይናገር ስልኩን በአውራ ጣቱ ጥፍር አንዴ ነካው። ጠቅ። ገባኝ ማለቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ንግግራቸው ይኸው ሆነ፤ ከእሷ ሁለት ቃል፣ ከእሱ አንዲት ጠቅ።

በሁለተኛው መስመር የእሳት አደጋ አለቃውን አገኘችው። ሌላው መኪናቸው ቃጠሎ ላይ ስለሆነ ያለው አንድ መኪና ነው፤ አምስት ግቢ አስከፍቶ እያንዳንዱን መፈተሽ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል አላት። በየግቢው ያለው ጎተራ አንድ ብቻ አይደለም፣ ስድስት ሰባት ተደርድሯል። እሷ ሃያ እስክትቆጥር ድረስ አሰበች። ከዚያ፣ እንግዲያውስ አትፈትሹ፣ በየግቢው ደጅ ቁሙና ሳይረኑን ንፉልኝ፤ እዚያ ካለ በእሱ ስልክ እሰማዋለሁ፤ ካልሰማሁ ወደሚቀጥለው ሂዱ አለችው። ሃያ ዓመት እሳት ሳጠፋ ይህን እኔ እንዴት አላሰብኩትም አለ አለቃው። ቀጥሎ የሞተሩን መነሳት ሰማች።

እንዲህ ሆኖ አንድ ሰዓት አለፈ። ሌላው ዓለም ግን ለእሷ ብሎ አልቆመም። የጥየቃ ሰዓት ስንት ነው የሚሉ ደወሉ፤ የኦክስጅን ክፍሉ ደወለ፤ አንድ ሰውዬ ወንድሙ ያለበትን ክፍል ስታፈላልግለት ስለዘገየች ሥራሽን እንደምታጪ ዕወቂው ብሎ አስፈራራት። ሁሉንም በትህትና እያስተናገደች ሃያ ላይ ወደ ሰባተኛው መስመር ትመለሳለች። በኋላ ሃያው ረዘመባትና አሥራ አምስት አደረገችው፤ ከዚያ አሥር። ሽርርር የሚለው ድምፅ ሲመጣ ቃሉን እንደ ገመድ ትወረውርለታለች፤ ትንፋሹ ሲፋጠን ደግሞ ልጅ እንደምታስተኛ እናት ቀስ አድርጋ ትለዋለች። ጠቅታው የዘገየ ዕለት፣ ማለት ያቺ ደቂቃ ዕለት ያህል ስለሆነችባት ነው፣ እንደ ተማሪ ቤት አለቃ ትቆጣዋለች። ሁሉም ያው ሁለት ቃል ነው። ልጇ በመዝገበ ቃላቱ ላይ ያሳየቻትን ለማስታወስ ጊዜ አልነበራትም፤ ግን በመሀሉ አንድ ነገር ደጋግሞ ገረማት። እነዚህን አባባሎች ማንም አላስተማራትም፣ ሆኖም ሁሉም አፏ ውስጥ ነበሩ። ትልቅ ነገር ፊት እንደቆመ ሰው ፈራች፤ ፍርሃቱ ግን የሚያስሮጥ ሳይሆን የሚያስጎነብስ ዓይነት ነበር።

ከመጀመሪያው ጎተራ አለቃው ነፋሁ አለ። ቁልፎቹን ሁሉ ዘግታ፣ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ትንፋሽ ብቻ። ሂዱ አለች። ከሁለተኛው ነፋ። ትንፋሽ ብቻ፣ እሱም አንሷል። ሦስተኛው ጋ ሊደርሱ ሲሉ የባቡር ማቋረጫ ያዛቸው፤ አለቃው በስልኩ ባቡሩን ሲሳደብ ሰማችው። ደርሰው ነፉ። ምንም የለም። አልሰማሁም ስትለው አለቃው፣ እህቴ አንቺ ብቻ እንዳትለቂው አላት።

ያን ጊዜ ነው ሰውዬው ማውራት የጀመረው። በራሱ ቋንቋ ነው። አይጮህም፣ አይለምንም፤ በቀስታ፣ ተራ በተራ፣ እየመረጠ ይናገራል። ከቃሉ አንዱም አልገባትም። ነገር ግን በዚያ ማዳመጫ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ስንት ሰው ስንት ሰውን ሲሰናበት ሰምታለች። የስንብት ዜማ በየትኛውም ቋንቋ ታውቀዋለች። ለሚስቱ ይሁን ለእናቱ ይሁን አላወቀችም፤ ብቻ አድርሺልኝ እያላት ነው። እያንዳንዱ ቃል ደግሞ ያለችውን ጥቂት አየር ይዞ እየወጣ ነው።

ንዴት መጣባት።

«አላደርስም» አለችው በአማርኛ። «ሰማኸኝ ወንድሜ? እኔ ስልከኛ ነኝ፤ ሰው ከሰው አገናኛለሁ እንጂ የሰው ኑዛዜ አላደርስም። ከዚያ ስትወጣ ራስህ ደውለህ ትነግራቸዋለህ። አሁን አፍህን ዝጋ።»

ሰውዬው ዝም አለ። እሷም ሁለቱን ቃላት አስከተለች። እንዴት አድርጋ እንዳለችው ብትጠየቅ ዛሬም መድገም አትችልም፤ ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበርና እኔ እንኳ የበሩን መዝጊያ ጨበጥኩ ይላል። እትዬ ሆልዶን ቆጠረች። አሥር ሞላ፣ ጠቅታ የለም። ሃያ ሞላ። ሌሎች መስመሮች እየበሩ ነው፣ አንዱንም አላየችው። ሠላሳ ሁለት ላይ፣ ከሩቅ እንደመጣ ሁሉ፣ ጠቅ አለ።

አራተኛው ጎተራ ከተማው የሚያልቅበት ነው። አለቃው ነፋሁ ሲላት መጀመሪያ የሰማች አልመሰላትም። ማዳመጫውን በሁለት መዳፏ ጆሮዋ ላይ ጫነችው። ከትንፋሹ ወዲያ፣ ከወፍራሙ ግድግዳ ወዲያ፣ የወባ ትንኝ ድምፅ የምታህል ነገር ከፍ ዝቅ ትላለች። አቁሙት አለች። ትንኟ ቆመች። እንደገና ንፉ አለች። ትንኟ ተመለሰች።

«እዚያው ነው። አትነቃነቁ፣ እዚያው ነው» አለችና ማልቀስ ጀመረች። እያለቀሰችም ቆጠረች፣ አሥር ላይ ተመለሰች።

ከግቢው ጎተራዎች መሀል ክዳኑ ክፍት የነበረው አንዱ ብቻ ነበርና ቶሎ ለዩት፤ ማውጣቱ ግን ሌላ አርባ ደቂቃ ወሰደ። ስንዴ ውስጥ የሰመጠ ሰው አይጎተትም፣ ከተጎተተ ይበጠሳል፤ ዙሪያውን በሳንቃ አጥረው፣ ውስጡ ያለውን ስንዴ በባልዲ እየቀዱ ነው የሚያወጡት። እሷ ይህን ሁሉ በጆሮዋ ተከታተለችው፤ የሳንቃውን ድምድምታ፣ የባልዲውን፣ የሰዎቹን እሰይ በለው ቀስ በለው። አሁን ሰው አግኝቷል፣ እኔ አበቃሁ ብላ ዝም አለች። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የአለቃው ድምፅ በራሱ በሰውዬው ስልክ መጣ።

«ስልከኛዋ፣ አለሽ?»

አለሁ አለች።

«በይ አታቋርጪ። መሰላሉን አስለቀቅነው፣ ስልኩን ግን እንቢ ብሏል፤ ጣቱ አይላቀቅም። ድምፁን ከፍ አድርገን ደረቱ ላይ ተውነው። አንቺ ዝም ስትዪ ዓይኑ ይከደናል።»

እሷም ቀጠለች። አምቡላንሱ ውስጥ ሲያስገቡት አለች፣ በሩ ሲዘጋ አለች፣ መንገዱ ሲያንገጫግጫቸው አለች። ድምፅዋ ሻክሯል፣ ጉሮሮዋ ደርቋል፤ ዘበኛው ውኃ ቢያመጣላት በመሀል በመሀሉ ተጎነጨች። እንዲህ እያለች ሳይረኑን በማዳመጫው ስትሰማ ቆይታ ድንገት በሁለት ወገን ሰማችው፤ ከማዳመጫውም ከመስኮቱም። ዘበኛው ሮጦ የግቢውን በር ከፈተው። የበሩ ብረት ውጭም አንጓጓ፣ ጆሮዋ ውስጥም አንጓጓ። ጎተራ ድረስ ሄዶ የነበረው መስመር ዞሮ ዞሮ ደጇ ደርሷል።

የአልጋው ጎማ ኮሪደሩ ላይ ሲንኳኳ እሷ አሥር ቆጥራ ጨርሳ ነበርና፣ ሆልድ ኦን አለች።

ከበሩ ውጭ፣ ከኮሪደሩ፣ አንዲት ሴት ሆልድ ኦን አለች።

በሰውዬው ደረት ላይ ካለው ስልክ የሚወጣው የራሷ ድምፅ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት በሰው ጆሮ ውስጥ ስታስገባው የኖረችውን ድምፅ እንደ ሌላ ሰው ሆና ስትሰማው ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ሻካራ ነው፣ ደክሟል፣ ግን የትም የሚሄድ አይመስልም። እኔም ብሰምጥ ያቺን ሴትዮ ይዤ እቆያለሁ ብላ አሰበች፤ አስባም በራሷ አላፈረችም።

ማዳመጫውን እንዳደረገች ተነሳችና ሽቦው እስከፈቀደላት ድረስ ወደ በሩ ሄደች። ወጣቱ ሐኪም አልጋውን እየገፋ ነበር፤ ሲያያት ምንም ሳትለው አቆመው። ሰውዬው ከፀጉሩ እስከ ሽፋሽፍቱ በስንዴ ብናኝ ነጭ ሆኗል። መሰላሉን የያዘው መዳፉ ተልጧል። ሌላው እጁ ስልኩን ደረቱ ላይ ጨብጦታል። ዓይኑን ገለጠና አፏን ተመለከተ።

የምትለው እንግሊዝኛ አልቆባታል። «ደርሰሃል» አለችው።

ቃሉ ከእሷም አፍ ከእሱም ደረት እኩል ወጣ። ሰውዬው ረዘም አድርጎ አያት፤ ከዚያ ያቺ አውራ ጣቱ ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች። ከጀርባዋ፣ ማዞሪያው ላይ፣ የሰባተኛው መስመር መብራት ጠፋ።